ጤና አዳምና ውሻ በአንድ ግቢ

ባለፈው እሁድ አንዲት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። የሁለት ወር ቡችላ አምጥታለች። ግቢዋ ውስጥ፣ ከቧንቧው አጠገብ፣ እናቷ የተከሉት ጤና አዳም አለ። "ልንቀለው ወይስ ይቆይ?" አለችኝ። አንዱ "ለውሻ መርዝ ነው" ብሎ አስደንግጧታል። ሌላው ደግሞ "ኧረ እኛ ቁርጠት ሲይዘን የምንጠጣው ነገር እንዴት መርዝ ይሆናል?" ብሎ ስቆባታል።

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ይቆይ አልኳት። ግን ስልኩን ሳንዘጋ ግማሽ ሰዓት አወራን። ጤና አዳም እንዲሁ በቆመበት ውሻ ሲጎዳ ብዙም አይታይም። ነገሩ የሚበላሸው እኛ እጃችንን ስናስገባ ነው። ጨምቀን ስንቀባው፣ መድኃኒት ብለን ስንግተው፣ ከሥሩ ውሻ ስናስር። ያን ቀን የነገርኳትን ዘርዘር አድርጌ እነሆ።

መጀመሪያ፦ ተክሉ እሱ መሆኑን አረጋግጡ

የኛ ጤና አዳም ሳይንሳዊ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ ነው። ቅጠሉ ትንንሽ ነው፤ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊና ወደ አመድማ ያደላል። አበባው ቢጫ ነው። አበባውን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ጠርዙ ላይ ቀጫጭን ዘርፍ አለው።

አንድ ቅጠል ቀጥፉና ወደ ፀሐይ አንሱት። በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች ታያላችሁ። እነዚያ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ሽታውም መዘዙም ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ቅጠሉን በጣታችሁ ስታሹት ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ፤ ያ የምናውቀው ሽታ ቤቱን ይሞላዋል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ አትክልት መሸጫ ውስጥ "ሩ" ተብሎ የምታገኙት በአብዛኛው ዘመዱ ነው፤ ሩታ ግራቪዮለንስ ይባላል። የአበባው ጠርዝ ዘርፍ የለውም እንጂ ጠባዩ አንድ ነው። ከዚህ በታች የምለው ለሁለቱም ይሠራል። የናንተ ልዩነት አንድ ነው፦ ክረምት ሲመጣ ማሰሮውን ሳሎን ታስገቡታላችሁ። ያኔ ውሻውና ተክሉ አንድ ክፍል ይጋራሉ።

ሁለተኛ፦ ውሻው ለምን እንደሚሸሸው እወቁ

ለጤና አዳም ሽታ ከሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ዋነኛው ቱ-አንዴካኖን ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ይኸው ንጥረ ነገር ውሻና ድመት ከአትክልት ቦታ ለማባረር በሚረጩ ምርቶች ውስጥ ይገባል፤ በአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ለዚሁ ተመዝግቧል። እኛ ቡና ላይ ጣል የምናደርገው ሽታ ለውሻ "ሂድልኝ" ማለት ነው። ጤነኛ ውሻ ጠጋ ብሎ ያሸታል፣ ያስነጥሳል፣ ዞር ብሎም አያየውም።

ይሄ የተፈጥሮ አጥር የማይሠራባቸው ጊዜያት ግን አሉ። ጥርስ የሚቀይር ቡችላ፣ በግምት ከሦስት እስከ ሰባት ወር ያለው፣ ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ጫማ፣ ጀሪካን፣ ጤና አዳም፣ ለሱ ሁሉም አንድ ነው። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻም ሲሰለቸው አጠገቡ ያለውን ይነጫል። ሦስተኛው ደግሞ ሽታው በምግብ ሲሸፈን ነው፤ ለምሳሌ አይብ ውስጥ ሲገባ።

አይብ ላይ ያለች አንዲት ቀንበጥ ውሻችሁን አትገድለውም። ቢበዛ ሆዱ ይረበሻል። እፍኝ ሙሉ ቅጠል ከሆነ ግን ጨጓራና አንጀቱን ይቆጣዋል፤ ለሃጭ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ ይከተላል። በጣም ብዙ ከተወሰደ በሰውም ላይ ጉበትና ኩላሊት እንደሚጎዳ ይታወቃል። እና ውሻ ከኛ በብዙ ኪሎ ያንሳል።

እግረ መንገዴን፦ ጀበናውን አራግፋችሁ የቡና አተላ ጤና አዳሙ ሥር ትደፋላችሁ? ብዙ ቤት ይደረጋል፤ ለአፈሩ ጥሩ ነው ይባላል። ለውሻው ግን አተላው ከቅጠሉ ይብስበታል። ካፌይን የውሻን ልብ ያጣድፋል፣ ያቅበዘብዘዋል፣ ሲበዛም ያንዘፈዝፈዋል። ውሻ ካለ አተላውን ቆሻሻ ውስጥ ክደኑት።

ሦስተኛ፦ ሰንሰለቱን ለኩ

ከተማ ውስጥ ብዙ ውሻ ቀን ታስሮ ማታ ይፈታል። ስለዚህ "ውሻዬ አይቀርበውም" ከማለታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ውጡ። ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር ከሆነ ውሻው ሁለት ሜትር ብቻ አይደርስም። አንገቱ ሲወጠር አፉ ከዚያ ያልፋል፤ በጀርባው ዞሮ በእግሩ ሲጭር ደግሞ ሌላ ሜትር ይጨምራል። ጤና አዳሙ ከሰንሰለቱ መጨረሻ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ።

ቦታ ከሌለ ተክሉን አንሱት። ጤና አዳም ሥሩ ሰፊ ቦታ አይፈልግም። የተቆረጠ ጀሪካን ወይም አሮጌ ባልዲ ከታች ቀዳድታችሁ፣ አሸዋ የተቀላቀለ አፈር ሞልታችሁ፣ አጥር ላይ ወይም በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ውሃ አታብዙበት፤ ከጥም ይልቅ ጭቃ ነው የሚገድለው። ቡችላ ካለ ከወገብ በላይ ይሁን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሻው ከተክሉ ሥር ጥላ ፈልጎ የሚተኛ ከሆነ ቅጠሉ እየተደቆሰ ሆዱን ይነካዋል። ይሄ ለምን እንደሚያሳስበኝ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

አራተኛ፦ ጭማቂውና ፀሐይ እንዳይገናኙ

ከዓመታት በፊት ቁንጫ የፈጃት ቡቺ የምትባል ውሻ ነበረችኝ። "ጤና አዳም ቁንጫ ያባርራል" ሲባል ሰማሁ። ሁለት እፍኝ ወቀጥኩ፣ በውሃ በጠበጥኩ፣ ረፋድ ላይ ግቢ ውስጥ አስተኝቼ ሆዷንና ብብቷን ደህና አድርጌ አሸኋት። እሷም ፀሐይ ላይ ተንጋለለች፤ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ልብስ ሳጥብ ዋልኩ።

በማግሥቱ የእጄ አንጓ ቀላ። በሦስተኛው ቀን በፈላ ውሃ የተቃጠለ መስሎ ውሃ ቋጠረ። ጠባሳው እንደ ቡናማ ቀለም ሆኖ ለሳምንታት አልለቀቀኝም። ቡቺ ፀጉር የሌለው የሆዷ ክፍል ቀላ፣ ስትልሰው ዋለች፣ ስለላሰችውም አስታወከች። ቁንጫዎቹ ምንም አልሆኑም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጭማቂው ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ብቻቸውን ዝም ይላሉ። ቆዳ ላይ ሆነው የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው ግን ሕዋሱን ያቃጥላሉ። ወዲያው ስለማይሰማ ነው የሚሸውደው፤ ቃጠሎው በአብዛኛው ከአንድ ቀን በኋላ ይወጣና በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ይብሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ፀሐዩ ቀልድ አያውቅም።

ስለዚህ ስትከረክሙት ጓንት አድርጉ፤ ፌስታልም ቢሆን ይሠራል። አመሻሽ ላይ ሥሩት። ውሻውን አርቁ። የተቆረጠውን መሬት ላይ አትተዉ፤ ለውሻ ቤትም መኝታ አታድርጉት። ጭማቂው ውሻውን ከነካው ወዲያው በለስላሳ ሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፣ ለሁለት ቀን ያህል ከቀጥታ ፀሐይ አስወጡት። ነጭና አጭር ፀጉር ያለው ውሻ ላይ በተለይ አፍንጫውን፣ የጆሮውን ጫፍና ሆዱን እዩ።

ቁንጫውን በተመለከተ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሂዱ። ለክብደቱ የሚሆን ይሰጧችኋል። መኝታውን በፈላ ውሃ ካላጠባችሁ ደግሞ የትኛውም መድኃኒት ዋጋ የለውም።

አምስተኛ፦ ለውሻ መድኃኒት ብላችሁ አትስጡ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከላይ ካልኩት ሁሉ ይሄኛው ይብሳል።

ውሻው አልበላም ሲል ጎረቤት ይመጣል። "ሆዱን ነው፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ አጠጪው።" አንዳንዱ አረቄ ጠብ ያደርግበታል። በቅንነት ነው። ልጅ ሆነን እኛንም የዳበሱን በዚሁ ነው። ለቡዳ ቢባል፣ ለቁርጠት ቢባል፣ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ከቤት ጠፍተው አያውቁም። ግን ውሻ ሰው አይደለም።

ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ሁሉም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈነዳሉ። ለቀይ ሽንኩርት በኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሲደርስ ጉዳቱ ይታያል። አሥር ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ከ150 ግራም ጀምሮ ማለት ነው፤ አንድ ትልቅ ራስ ሽንኩርት። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይበረታል። ማብሰል አያጠፋውም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መስጠትም ይጠራቀማል።

እዚህ ላይ "ታዲያ ውሻዬ ዕድሜውን ሙሉ እንጀራ በወጥ ነው የሚበላው" የሚል ይኖራል። አውቃለሁ፤ የኔም እንዲሁ ነው ያደገው። ግን አስቡት፤ ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ተቁላልቶ ስንት ጭልፋ ይሆናል? አንድ ጭልፋ የዶሮ ወጥ ቁሌት ውስጥ ያለው ሽንኩርት በዓይን አይታይም እንጂ ትንሽ አይደለም። የበዓል ሰሞን ድስቱን ጠርጎ ማድረጉ ይቅር። እንጀራውን ከወጡ ለይታችሁ በአጥንት መረቅ ብታርሱለት ይጠግባል፤ መረቁም ሽንኩርት የሌለበት ይሁን።

ወደ ጤና አዳም ልመለስ። እርጉዝ ለሆነች ውሻ በምንም መልኩ አይሰጥም። ማኅፀን ያኮማትራል፤ በሰውም ዘንድ ፅንስ ለማስወረድ ሲያገለግል የኖረ ተክል ነው። የውሻ እርግዝና 63 ቀን አካባቢ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በዓይን አትለዩትም። ሴት ውሻችሁ ከወንድ ጋር ከዋለች "እርጉዝ ትሆናለች" ብላችሁ ተነሡ።

አንድ ደግሞ አለ። ያልተከተበ ቡችላ አስመልሶት ደም ያለበት ተቅማጥ ከያዘው ጤና አዳም ፍለጋ ጓሮ አትሂዱ። ፓርቮ የሚባለው የውሻ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ፓርቮ ቡችላ በቀናት ውስጥ ይገድላል፤ የሚያድነው በጊዜ የሚሰጥ ፈሳሽና የሐኪም ክትትል ነው። "እስቲ ዛሬን እንየው" ተብሎ ያለፈ ሌሊት ነው ብዙ ቡችላ የጨረሰው።

ስድስተኛ፦ የጤና አዳሙን ጎረቤቶች ቃኙ

ጓሯችሁ ውስጥ ጤና አዳም ብቻውን የለም። በሶብላና የጥብስ ቅጠል ለውሻ ችግር የላቸውም፤ ቢቀምሳቸውም አትደንግጡ። ፈረንጆቹ የሚተክሉት ጦስኝም እንደዚሁ ነው፤ የኛ የደጋው ጦስኝ የሱ ዘመድ ነው። ናናና ጠጅ ሳር ትንሽ ከሆኑ አይጎዱም፣ ከበዙ ሆድ ያውካሉ። ጠጅ ሳርን በተለይ ውሾች ሳር መስሏቸው ይግጡታል።

እሬት ይለያል። ለቃጠሎ የምንቀባው ነጩ ዝልግልግ ሳይሆን ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ወተት ነው ችግሩ። ትውከትና ብርቱ ተቅማጥ ያመጣል። ከውሻው አርቁት።

ጉሎ ካለ ግን ዛሬውኑ ንቀሉት። ይሄን የምለው ቀለል አድርጌ አይደለም። ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል መርዝ አለ። ሳይፈነከት ከተዋጠ አንዳንዴ እንዲሁ ያልፋል፤ ከታኘከ ግን ጥቂት ፍሬ ይበቃል። ምልክቱም ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴ በማግሥቱ ስለሚመጣ ያዘናጋል። አጥር ጥግ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ጉሎ ብዙ ግቢ ውስጥ አይቻለሁ። ጤና አዳሙን ልንቀል የሚል ሰው ጉሎውን አልፎት ይሄዳል።

ሰባተኛ፦ በልቶ ካገኛችሁት

ቅጠሉን ከአፉና ከአካባቢው አንሱ። የሚፈቅድላችሁ ውሻ ከሆነ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ አቅርቡለት። ከዚያ ተክሉን ሂዱና እዩት። ስንት ቀንበጥ ጎደለ? ሁለት ሦስት ቅጠል ከሆነ፣ ውሻውም እየሮጠ ከሆነ፣ ለአንድ ቀን መከታተል ይበቃል። እፍኝ ከሆነ፣ ቡችላ ከሆነ ወይም እርጉዝ ከሆነች ምልክት ሳትጠብቁ ሐኪም አማክሩ።

ወተት አታጠጡት። ወተት ማርከሻ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ግን መርዝ አያረክስም፤ ብዙ ውሻን እንዲያውም ያስቀምጠዋል። ዘይት ደግሞ ይብሳል፤ በግድ ሲጋት ወደ ሳንባው ይገባና ሌላ በሽታ ያመጣል። ለማስመለስ ብላችሁ የጨው ውሃ አትስጡ፤ ጨው ራሱ ይመርዘዋል። የእንስሳት ሐኪም የሚሰጠው ከሰልም ከማንደጃ የሚወጣው አይደለም። ማስመለስ ካስፈለገ ሐኪሙ ይወስን።

መራራ ቅጠል ያኘከ ውሻ ለሃጩ ይዝረከረካል። ያየ ጎረቤት "አብዷል!" ብሎ ዱላ ሊያነሣ ይችላል። እዚህ አገር የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ ስላልሆነ ፍርሃቱ ልክ ነው። ስለዚህ ጠይቁ፦ ክትባቱ ጊዜው አላለፈም? ሲያኝክ ያየው ሰው አለ? ለሃጩ ከዚያ ወዲህ ነው የመጣው? ጠባዩ እንደወትሮው ነው? አንዱም የሚያጠራጥር ከሆነ እጃችሁን ወደ አፉ አትስደዱ፤ ለብቻው ዝጉበትና ሐኪም ጥሩ። ከነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስል ላይ ካረፈ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሰውነቱ ከገተረ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ በድምፅ ከደነገጠ ደግሞ ጤና አዳምን እርሱት። ሰው የጣለው የመርዝ ሥጋ ወይም የአይጥ መርዝ ሊሆን ይችላል። ደቂቃ አታባክኑ።

ስትሄዱ የተበላውን ተክል ቀንበጥ በፌስታል ያዙ፤ ያስታወከውንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። መቼ እንደበላና ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ንገሯቸው። የእንስሳት ሚዛን ከሌላችሁ ውሻውን ታቅፋችሁ የሰው ሚዛን ላይ ተመዘኑ፣ ከዚያ የራሳችሁን ቀንሱ። የወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ አብዛኛው ሥራው ከብት ነው፤ ስለዚህ ውሻ ያያሉ ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ። ቢሾፍቱ አካባቢ ላላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው። አሜሪካ ያላችሁ ኤኤስፒሲኤ የሚባለውን የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር የመርዝ ማእከል በ888-426-4435 በማንኛውም ሰዓት ታገኛላችሁ፤ ሊያስከፍሏችሁ ስለሚችሉ ካርዳችሁን አዘጋጁ።

ነጭ ሽንኩርት አብሮ ከገባበት በዚያው ቀን ደህና ቢመስልም አትዘናጉ፤ የደሙ ጉዳት ከቀናት በኋላ ነው የሚወጣው። ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ከንፈሩን ገለጥ አድርጉና ድዱን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ድዱ ከነጣ ወይም ቢጫ ካለ፣ ሽንቱ ቡና ከመሰለ፣ ትንሽ ሄዶ ከደከመው ያኔውኑ ተነሡና ውሰዱት።